እናቴ ያቋረጠችው ቲያትር

እምነቴን ደሴ ላይ ነው ያጣሁት እያልኩ ብዙ ዓመት አውርቻለሁ፤ ልክ ጃንጥላ አውቶቡስ ላይ እንደረሳ ሰው። እውነቱን ለመናገር እንዴት እንደጠፋኝ በቅጡ አላስታውስም። መምህራን ኮሌጅ ገባሁ። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ስምንት ነበርን። ከላዬ የምትተኛዋ ልጅ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ከጎኔ ያለችው ገና ሳይነጋ በልሳን ትጸልያለች፤ እኔ ደግሞ ሱብሂን ልሰግድ እነሣና ውሃው ሲቀዘቅዝብኝ ተመልሼ ብርድ ልብሴ ውስጥ እገባለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ከአንደኛዋ ጋር ጾሜ፣ ከሌላዋ ጋር ዘምሬ፣ የራሴን አምስት ወቅት ሶላት ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ ምንም አውርጄ ነበር። ነገሩ የደሴ ብርድ እንጂ ፍልስፍና አልነበረም። ግን ሰው በሃያ ዓመቱ "በረደኝ" አይልም፤ "ተጠራጠርኩ" ነው የሚለው።

ተመርቄ ወደ ከሚሴ ተመለስኩና አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን መግባት የጀመረበት ሰሞን ነበር። እናቴ አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ነበራት፤ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቃታል። አባቴ የሰንበቴ ከብት ገበያ ደላላ ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ በወባ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤቱንም እኔንም ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ምላሷ ስለት ነው። ሹፌር "ወጡ ቀጠነ" ካላት "አንተ ወፍረህ ነው" ትለዋለች፤ እሱም ስቆ ይበላል።

ኮሌጅ እያለሁ ድራማ ክበብ ውስጥ ነበርኩ። ሁልጊዜ የሚሰጡኝ ቦታ የታመመች እኅት ነው። አንሶላ ለብሼ እተኛለሁ፤ ሌሎቹ በላዬ ላይ ምክር ይመካከራሉ። እናም አስተማሪ ሆኜ የመጀመሪያው የክረምት ዕረፍቴ ላይ የራሴን ቲያትር ለመጻፍ ወሰንኩ። ማንም እንዳያስተኛኝ ሁሉንም ሰው እኔው እሆናለሁ አልኩ። አርባ ገጽ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ እምነቷን ታጣለች፤ ከእናቷ ትጣላለች፤ ሼሁንም፣ ቄሱንም፣ ሰባኪውንም ትጠይቃለች፤ ሁሉም ያሳዝኗታል፤ በመጨረሻ ተራራ ላይ ወጥታ ራሷን ታገኛለች። ለምን ተራራ ላይ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ያደግሁት ቆላ ነው። ርእሱን "እኔን ፍለጋ" አልኩት።

ማስታወቂያውን በእጄ ጽፌ አምስት ቦታ ለጠፍኩ፤ አንዱን እናቴ ምግብ ቤት በር ላይ። "እኔን ፍለጋ። የአንድ ሰው ቲያትር። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ። መግቢያ በነጻ።" በማግሥቱ ቅቤ የምትነግደው ጎረቤታችን እያለከለከች መጣች። አማርኛ ትሰማለች፣ ማስታወቂያውን ግን ሌላ ሰው ነው ያነበበላት።

"ውይ በአላህ! ልጅሽ ጠፋች አሉኝ?"

"የት ትጠፋለች?" አለች እናቴ። "ይኸው ቁጭ ብላ ትበላለች።"

"ታዲያ በሩ ላይ ፍለጋ የሚለው ምንድን ነው?"

"ራሷን ነው አሉ የምትፈልገው። ስታገኛት ሁለት ሆነው ዕቃ ያጥቡልኛል።"

ጥግ ላይ ክክ የሚበላ የአይሱዙ ሹፌር ደግሞ ቀና አለና "የአንድ ሰው ቲያትር ማለት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው?" ብሎ ጠየቀ። "እንዲያ ከሆነ ከአሁኑ ወረፋ ልያዝ።"

ከከተማው ባህል ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልኩ። ነገሩን የሚያየው ሰውዬ ደብተሬን ሦስት ቀን አቆየው። ሲመልስልኝ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቦታ ምልክት አድርጎበታል።

"ሼሁ ሦስት ገጽ ይናገራሉ፤ ቄሱ ግን አንድ ገጽ ተኩል" አለኝ። "እኩል ይሁኑ።"

"ቄሱ እኮ እዚህ ላይ ብዙ የሚሉት ነገር የላቸውም።"

"ጨምሪላቸው። ቅሬታ አልፈልግም።" ሁለተኛውን ምልክት በጣቱ መታ መታ አደረገው። "ደግሞ ልማት የለበትም።"

"ስለ እምነት እኮ ነው።"

"ይሁና! ልጅቷ ተራራ ስትወጣ ባዶ እጇን ከምትወጣ ችግኝ ትትከል።"

በዚህ ምክንያት የእኔ ባለታሪክ የሕይወትን ትርጉም ፍለጋ ወደ ተራራው የወጣችው የባሕር ዛፍ ችግኝ ይዛ ነው።

እናቴ ደግሞ ሼሁን ሳታማክሪ አይሆንም አለችኝ። በልጅነቴ ቁርኣን ያስቀሩኝ፣ ፊደሉን ያስቆጠሩኝ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው። በራቸው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸውና የእሳቸውን ክፍል አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"ይሄ የሚናገረው ሼሕ እኔ ነኝ?"

"ኧረ አይደሉም። ፈጠራ ነው።"

"ፈጠራ ከሆነ ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ ሐራም ነው።"

"እሺ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

"እንግዲያው ሐሜት ነው። ሐሜትም ሐራም ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

ዓይናቸውን ገለጡ። "አሳጥሪው፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። ሲያዝኑልኝ ነው በኦሮምኛ "ልጄ" የሚሉኝ።

አላሳጠርኩትም።

እሑድ ደረሰ። የከሚሴ ሙቀት ቆርቆሮ ጣራ ሥር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አዳራሹ ግን ሞላ። ኪነ ጥበብ ስለናፈቃቸው አይመስለኝም፤ መግቢያው በነጻ ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ የእንግሊዝ ኳስ አልነበረም። መጋረጃው የእናቴ ሁለት አንሶላ ነው። መጋረጃውን የሚስበውና ቴፑን የሚያጫውተው የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ነበር፤ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። እናቴ ፊት ለፊት መሐል ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ቅቤ ነጋዴዋ ናት።

ገና ከመጀመሪያው ጣጣ መጣ። የኔ አማርኛ የመጽሐፍ አማርኛ ነበርና ለቅቤ ነጋዴዋ አልገባ አላት። በየአረፍተ ነገሩ "ማል ጄቴ? ምን አለች?" ትላለች፤ እናቴም ድምጿን ሳትቀንስ በኦሮምኛ ታስረዳታለች። ስለ ጥርጣሬ ጨለማ፣ ነፍስ ስለምትንከራተትበት ሌሊት ግማሽ ገጹን በአንድ ትንፋሽ ተወጣሁት። ላቤ ይንጠባጠባል።

"ማል ጄቴ?"

"ደሴ ብርድ ነው አለች" አለች እናቴ።

ቄሱ ላይ ስደርስ የተጨመረላቸውን ገጽ ተኩል የሞላሁት ሰባቱን አጽዋማት አንድ በአንድ በማስቆጠር ነበር። ነጠላ የለበሱ ሴቶች በስተግራ በኩል ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ጨርሼ ወደ ሰባኪው ልዞር ስል አንዷ እጇን አወጣች፤ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ።

"ነነዌን ረሳሻት!"

"ይቅርታ" አልኩ በቄሱ ድምፅ። "ጾመ ነነዌም አለች።"

ከዚያ የቲያትሩ ልብ ነው ያልኩት ቦታ መጣ። ልጅቷ ሁሉንም ጠይቃ መልስ ስታጣ ተንበርክካ ወደ ሰማይ ትጮኻለች። ተንበረከክሁ። እጄን ዘረጋሁ። "ጌታዬ ሆይ፣ ለምን ዝም ትለኛለህ? አንድ ቃል! አንድ ቃል ብቻ ስጠኝ!" ብዬ የተጻፈውን ያህል፣ ማለትም ለአምስት ሰከንድ፣ ዝም አልኩ።

"አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር" አለ የመስጂዱ ድምፅ ማጉያ። የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት አዛን ነበር። ልምምዱን ሁሉ አመሻሽ ላይ ስለማደርግ ሰዓቱን አስቤው አላውቅም።

ከኋላ አንድ ወንድ "ይኸው መለሰልሽ!" ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ ፈረሰ። አንዱ ከወንበሩ ወድቆ ነበር። ሳቁ ጋብ ሲል ግማሹ ሰው ብድግ አለ፤ ወንዶቹ ወደ መስጂድ፣ ሴቶቹ ጎን ካለው መማሪያ ክፍል ውስጥ ሊሰግዱ። እናቴ ስትወጣ ዞር ብላ "አንቺ እዚያው ጠብቂን" አለችኝ። እኔ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። ባለታሪኳ እዚህ ላይ መነሣት አለባት ወይስ የለባትም የሚለውን እያሰብኩ ነበር። የስፖርት መምህሩ ጭንቅላቱን በአንሶላዎቹ መሐል አወጣና "ዕረፍት ልንፋ?" አለኝ። ነጠላ ከለበሱት ሴቶች አንዷ ቆሎ በእፍኟ አምጥታ ሰጠችኝ። "ብዪ እስኪመለሱ" አለች። "የኛ ቤተ ክርስቲያን እንኳን ሩቅ ነው፣ አይረብሽሽም።"

እንደማይመለሱ እርግጠኛ ነበርኩ። ተመለሱ። ክንዳቸውና ፊታቸው እንደራሰ፣ እየተሳሳቁ፣ ሁሉም የየቦታቸውን ያዙ። ያን ጊዜ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። እነሱ ፊት ልጮኽበት ያሰብኩትን አምላክ ሄደው ሰላም ብለውት መጡ፤ ሃያ ደቂቃ እንኳን አልፈጀባቸውም።

የሚቀጥለው የእናትየዋ ክፍል ነው። ሻሼን እናቴ እንደምታስረው አሰርኩ፤ ቀሚሱም ከሳጥኗ ያወጣሁት የራሷ ነበር። ሰው አወቃትና አፏጨ። ልጅቷ "እናቴ ሆይ፣ ከእንግዲህ አልሰግድም" ትላለች። እናትየዋ ትጮኻለች፤ ደረቷን ትደቃለች፤ መሬት ላይ ትወድቃለች። ይህንን ለቅሶ አንድ ወር ሙሉ መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። "ጡቴ ይፋረድሽ! የጠባሽው ወተት እሬት ይሁንብሽ! ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም!" እውነተኛ እንባ ወረደኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። ተሳካልኝ ብዬ አሰብኩ።

"ሶባ!"

ሶባ በኦሮምኛ ውሸት ማለት ነው። ድምፁ የከባድ መኪና ሞተር እየጮኸ የምግብ ትእዛዝ የሚቀበል ሰው ድምፅ ነበር። እናቴ ቆማለች።

"ውሸት ነው! እኔ እንዲህ አላልኩም!"

የኮሌጁ ድራማ ክበብ አሠልጣኛችን ምንም ቢፈጠር ከገጸ ባሕሪው አትውጡ ይለን ነበር። አልወጣሁም። ይበልጥ ጮኽኩ። "ልጄ አይደለሽም!"

"ነሽ እንጂ!" አለች እናቴ። "ተነሽ ከመሬት! ቀሚሱ የኔ ነው!"

ሰው ሊሞት ደረሰ በሳቅ። ከኋላ ያ አዛኑ ላይ የጮኸው ሰውዬ "ታዲያ ምን ነበር ያልሻት?" ብሎ ጠየቃት። እናቴ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

"ይህቺ ልጅ ለዕረፍት መጣችና ኩሽና ድረስ ገብታ 'እማ፣ መስገድ ትቻለሁ፣ መኖሩንም እንጃ' አለችኝ። ቤቱ በደንበኛ ሞልቷል። 'እሺ፣ ሽንኩርቱን ክተፊ' አልኳት። ይኸው ነው። ጡት የለ፣ እሬት የለ!"

እውነቷን ነበር። እንደዚያ ነበር የሆነው። ከደሴ እስከ ከሚሴ በሚኒባስ መንገዱን ሁሉ እየተለማመድኩ ያመጣሁትን፣ በሕይወቴ ትልቁን ነገር ነገርኳት፤ እሷ የሽንኩርት ሣህን ገፋ አደረገችልኝ። ያን ቀን ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። በሽንኩርት ላይ ቲያትር አይጻፍም። ስለዚህ የራሴን እናት ጣልኩና ከየሬዲዮ ድራማው የለቃቀምኳትን ሌላ እናት አስቀመጥኩ። ቀሚሱን ብቻ አስቀረሁላት። ጥርጣሬዬ ትንሽ ነበር፤ እኔ ሰፊ ካባ አሰፋሁለት፤ እዚያ መድረክ ላይ በሰው ፊት ካባው ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ተነሣሁ። ሻሹን ፈታሁት። የምናገረው ነገር ደብተሩ ውስጥ አልነበረም።

"ለምን ግን እንደዚያ አልሽኝ?" አልኳት። "የምሞት መስሎኝ እኮ ነበር የነገርኩሽ።"

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። እናቴ ሻርፗን አስተካከለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ዝቅ አለ፤ ግን ጸጥታ ስለነበር ሁሉም ሰማት።

"ምን ልልሽ ኖሯል? አባትሽ የሞተ ጊዜ እኔ አራት ወር ሙሉ አልሰገድኩም።"

ቅቤ ነጋዴዋ "ማል ጄቴ" አላለችም።

"ተቆጥቼ ነበር" አለች እናቴ። "ከጎረቤት ጋር እንደምኮራረፈው ተኮራረፍን። ልስገድ ብዬ ጓዳ እገባና በሩን ዘግቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ሲበቃ እወጣለሁ። ማን ያውቃል? ከዚያ ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ለምን ታለቅሳለህ አይባልም። የማውቀው መድኃኒት እሱ ነው፤ እሱኑ ሰጠሁሽ።"

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያማ አንድ ቀን ሰገድኩ።"

"ምን ተፈጠረ?"

"ምን ይፈጠራል? ጉልበቴን አመመኝ። ብዙ ጊዜ ትቼው ነበራ።"

አንዲት ሴት "እና ታረቃችሁ?" አለቻት።

"እኔና እሱ?" አለች እናቴ ወደ ጣራው እየጠቆመች። "በንግግር ላይ ነን።" ከዚያ የሚሠራ ሥራ እንደረሳች ሰው ቶሎ ብላ ተቀመጠች። "በይ ቀጥይ! ሰው ቤት ይሄድበታል።"

አሥር ገጽ ቀርቶኝ ነበር። ሁለት ዴስክ ደራርበን የሠራነው ተራራ ላይ ወጣሁ፤ ችግኙን በጣሳ ይዤ። ንፋስ ነው ተብሎ የተቀዳው ድምፅ ከቴፑ መጣ። አፌን ስከፍት የጻፍኩት ነገር ሁሉ የዚያች የውሸት እናት ልጅ የምትናገረው ሆኖ ተሰማኝ። "እዚህ ላይ ራሷን ታገኛለች ተብሎ ተጽፏል" አልኩ ለሕዝቡ። "እኔ አላገኘሁም። ችግኙን ግን እተክላለሁ።" ጎንበስ ብዬ ጣሳውን ዴስኩ ላይ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ያጨበጨበው ፈቃድ የሰጠኝ ሰውዬ ነበር፤ ብቻውን፣ ከልቡ፣ ቆሞ።

ማታ እናቴን ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩና እንዴት እንደሚጀመር አጣሁት። እሷም ቀሚሱን ገልብጣ እያየች "ጉልበቱ ላይ አፈር ነክቶታል፣ ራስሽ እጠቢው" አለችኝ። አጠብኩት።

ወሬው ሰንበቴ ደርሶ እዚያም እንዳሳየው ተጠራሁ፤ በገበያ ቀን፣ የአፋርም የደጋም ነጋዴ በሚገናኝበት ዕለት። ጥሪው ላይ "ከእናትየዋ ጋር" የሚል ነበረበት። እናቴ ሳቀች። "ምግብ ቤቱን ማን ይይዘዋል? ደግሞ እኔ ትናንት ያልኩትን ዛሬ ደግመሽ በይ ብትዪኝ አልልም" አለች። ስለዚህ ደብተሩን ቀድጄ ከግማሹ ጀምሮ እንደገና ጻፍኩት። እርግማኑን አወጣሁ። ተራራውንም አወጣሁ። በቦታው አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ እውነተኛ ሽንኩርት በእውነተኛ ቢላ እየከተፈች፣ ደንበኞቿን እየተሳደበች፣ በመሐል ትንሽ ትንሽ ከአላህ ጋር ትነታረካለች። ከገበያው ግመል ሲያገሳ ድምፄ አይሰማም ነበር፤ ሳስበው ግን እንደዚያ ቀን ሰው ዝም ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም። ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ አንድ ነጋዴ እስከ መጨረሻው ቆሞ አየኝ። ሲወጣ "ሽንኩርቱን ግን በጣም ታደቂዋለሽ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ሰው ምሥጢሩን ይነግረኝ ጀመር። ሃይማኖት የተሳደበች አስተማሪ እባላለሁ ብዬ ስፈራ፣ የነፍስ አባት ሆኜ አረፍኩት። ያቺ ቆሎ የሰጠችኝ ሴት ሁዳዴን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወተት በሻይ እንደምትጠጣ ነገረችኝ። አንድ የሒሳብ መምህር ዱዓ ሲደረግ ከንፈሩን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ ነገረኝ፤ ቁጥር ነው የሚቆጥረው። እኔም አሁን አንዳንዴ እሰግዳለሁ፣ አንዳንዴ አልሰግድም። ሱብሂን በተመለከተ አልዋሽም፤ ከሚሴ ብርድ የለም፣ እንቅልፍ ግን አለ።

አንድ ቀን ከገበያ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደኝ ባጃጅ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጥግ ይዞ ቆመ። ሹፌሩ ጎልማሳ ነው። መስታወቱ ማሻአላህ፣ ቢስሚላህ በሚሉ ጽሑፎች ተሸፍኖ ወደፊት እንዴት እንደሚያይ ራሱ ተአምር ነው።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? ለሰው እንዳትናገሪ።"

"እሺ።"

"ረመዳን ላይ ቀን እበላለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጨፋ ሮቢት ድረስ እየሄድኩ።"

"ለምን ሮቢት?"

"እዚያ የሚያውቀኝ የለም።"

"ስትበላ ምን ይሰማሃል?"

መሪውን እንደያዘ ወደ ኋላ ዞረ። "ሳልበላ ይርበኛል። ከበላሁ በኋላ ደግሞ ምን እንደሆነ የማላውቀው ነገር ይርበኛል" አለኝ።

ሁለታችንም ወንዙን አየን። ከኋላችን አንድ ሲኖትራክ ጥሩንባውን አንባረቀብን። ሞተሩን አስነሣና ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውርዶኝ ሄደ።